የጓሯችን ጥግ ባለቤት

ይህ ፈጠራ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ግን የደረሰው በእኔው ቤት፣ በእኔው ዓይን ፊት ነው።

ደግሞ በጨለማ አይደለም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ቦግ ባለችበት፣ ከወጥ ቤታችን ጀርባ ባለው ጓሮ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከክፍሏ አትወጣም ነበር። እኛ ጋ ካመጣኋት በኋላም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ስትጠራ "አቤት" ትላለች፣ ከዚያ ዝም።

ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና "ፀሐይ ካላገኙ፣ እግራቸውን ካላፍታቱ ብዙ አይቆዩም" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። የቀረችኝ ወላጅ እሷ ብቻ ናት።

ቤቱን ዞሬ ዞሬ ዓይኔ የጓሮው ጥግ ላይ አረፈ። የተሰበረ ባልዲ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ወገብ የሚደርስ አረም... እባብ እንኳ የሚንቀው ቦታ ነበር።

"እዚህ ለእማዬ ማረፊያ እንሥራላት" አልኩት ባሌን።

"በምን ገንዘብ?"

"በእጃችን ነዋ።"

ባሌ የግቢ ድንጋይ የሚያነጥፍ ግንበኛ ነው። የጎበጠ ምስማር አቃንቶ ኪሱ የሚከት ቆጣቢ ሰው ነው። እኔ ከጎረቤት የናናና የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ለምኜ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከልኩ። አሮጌ ጎማ ነጭ ቀባሁ። የተዋስነው ዶማ እጀታው በየመሃሉ እየወለቀ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለውን በዓይናችን አየነው።

ንጣፉን ግን ባሌ በነጻ አመጣው። ለመንገድ ሥራ ከሚፈርስ አንድ አሮጌ ግቢ...

ድንጋዮቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፎባቸዋል። የግንበኛ ብልሃት ነው። ሲነቅል ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ሲያነጥፍ በዚያው ተራ ይመልሳቸዋል። እንደገና መጥረብ የለ፣ ብክነት የለ።

"እይልኝ እስቲ" አለ ሲጨርስ፣ ላቡን እየጠረገ። "ልክ እዚያ እንደነበረው። አንዷም ከቦታዋ አልተዛነፈችም።"

እኔም አጨበጨብኩለት... ሞኝ።

እናቴን ደግፈን አወጣናትና ወንበሯን መሃል ላይ አደረግንላት። ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ካየሁት ስንት ጊዜዬ... አንጀቴ ራሰ።

በማግስቱ ግን ወንበሯን ራሷ ጎትታ ዳር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እማ፣ መሃሉ አይሻልሽም?"

"ተይው። ተይዟል።"

እርጅና ነው ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ።

ናናውን ውሃ ላጠጣ ስወጣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ላይ ደረቅ ቅጠል ረግፎ አገኛለሁ። ሰፋፊ ቅጠል... በእኛም በጎረቤትም ግቢ አንድ ዛፍ የለም።

ድመታችን እዚያ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ መሃሉን ትታ፣ ግድግዳውን ታክካ ታልፋለች። የተቀመጠ ሰው እግር እንደምትሸሽ።

እናቴ ግን እየዳነችልኝ ነበር። ትበላለች፣ በራሷ እግር ትወጣለች። ለዚህ ስል ያየሁትን እንዳላየሁ ሆንኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዤላት ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ድምጿን ሰማሁ። ታወራለች... ዝም ብላ ታዳምጣለች... ራሷን ትነቀንቃለች... ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

ጠጋ ስል ወሬዋን አቋረጠች።

"ከማን ጋር ነው እማ?"

"ከቤቱ ባለቤት ጋር" አለች በሹክሹክታ። "ቀስ በይ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጩኸት አይወዱም።"

"ቤቱ እኮ የእኛ ነው..."

ምንም እንደማይገባው ሕፃን አየችኝ።

"ዛሬ ይዘውኝ ይሄዳሉ። እንዳታለቅሺ። እሺ ብያቸዋለሁ።"

የሻዩ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

ባሌን ከሥራ አስጠራሁት። የሰማሁትን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ድንጋዩን ያመጣኸው ከማን ግቢ ነው?"

ወደ ጓሮው በር ዞሮ አየ።

"ተናገር እንጂ።"

"ከአንድ ሽማግሌ ግቢ" አለ፣ ወደ ጓሮው እንዳይሰማ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። "ሰፈሩ ሁሉ ሲለቅ እሳቸው አልነሳም ብለው... ዛፋቸው ሥር፣ ንጣፉ መሃል ወንበራቸውን አድርገው ይውሉ ነበር አሉ።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ጠዋት ወንበራቸው ብቻ ተገኘ። ሲወጡ ያየ የለም።"

"ይህን እያወቅክ..."

"ድንጋይ ነው ብዬ ነው። ድንጋይ ምን ያውቃል?"

እናቴን ወደ ክፍሏ አስገባናት። አልታገለችንም። ብቻ እንግዳ እንደተሰደበባት ሰው አፈረች።

"እሳቸውንስ..." አለች ወደ ኋላ እየዞረች፣ "የት ልታስቀምጧቸው ነው?"

በሩን ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በእናቴ ላይ በር ስቆልፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወጥተን ድንጋዮቹን መንቀል ጀመርን። ባሌ በድጅኖ ይፈነቅላል፣ እኔ በመዶሻ እሰብራለሁ። ቁጥሩ ከቁጥር እንዳይገጥም፣ ማንም መልሶ እንዳያነጥፈው...

በመጨረሻ ጥጉ ባዶ አፈር ሆነ።

ድመቷ መጣች። አሸተተች። ከዚያ መሃሉ ላይ ዘና ብላ ተጋደመች።

"ሄደዋል" አለ ባሌ።

እፎይ አልኩ። እናቴን ነገ ሌላ ቦታ ፀሐይ አሞቃታለሁ ብዬ እያሰብኩ ቀና አልኩ።

እናቴ በክፍሏ መስኮት ቆማለች። በአንድ እጇ የመስኮቱን ብረት ይዛለች። በሌላኛው፣ ሩቅ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ እያለች ትሰናበተኛለች። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ባሌ አጠገቤ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ከትከሻዋ ኋላ አንድ የተሸበሸበ የወንድ እጅ ወጣ...

መጋረጃውን በቀስታ ዘጋው።