ጊዜው ያለፈበት ይለፍ

ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቡሩ ከማዶ ሲመለስ፣ ስኂን መጀመሪያ የምትሰማው ፉጨቱን ሳይሆን የመስኮቷን መስታወት መንቀጥቀጥ ነበር። መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ ብዕሯን ትከድናለች፣ የማኅተሙን ስፖንጅ በጥቂት ውኃ ታርሳለች፣ የስፒሉን ቆርቆሮ ወደ ራሷ ትስባለች። በይለፍ ክፍሏ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተቀመጠች እጇ ሥራውን ከእሷ ይልቅ ያውቀው ነበር።

በዚያ የጦርነት ዘመን ከቀይ ድልድይ ወዲያ ያለው አገር የተከለከለ ቀጠና ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት እንኳን ሰው ፍየልም በባቡር አይሻገርም። ወረቀቱ ሁለት ክፍል አለው። በራሪው ከመንገደኛው ጋር ይሄዳል፣ ቀሪው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የእናት ስም፣ ልዩ ምልክት ይሞላል። መንገደኛው ሲመለስ በራሪውን ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ያስረክባል፣ ተቆጣጣሪው አቶ ጅብሪል በሸራ ቦርሳ ሰብስቦ ያመጣል፣ ስኂን ከቀሪው ጋር በስፒል አያይዛ «ተመልሷል» ብላ ትጽፋለች። «ተመልሷል» የተባለ ስም ተዘጋ ማለት ነው፤ በዚያ ስም ሌላ ይለፍ አይጻፍም። ጊዜው አልፎ ድልድዩ ኬላ ላይ የታገደ ይለፍ ደግሞ በዚያው ቦርሳ ለውሳኔ ወደ እሷ ይመጣል፣ ውሳኔው ሲጻፍበት በሚቀጥለው ባቡር ለባለቤቱ ይላካል።

ልጇ አምኃም የሄደው በዚሁ ወረቀት ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ድሬሰር፤ ከድልድዩ ወዲያ ላለች አንዲት ክሊኒክ ለሦስት ወር ተመደበ። ደብዳቤው ሦስት ወር ይላል፤ እሷ ግን ይለፉ ላይ አሥራ አምስት ቀን ብላ ጻፈች። እናት ናት፣ ምን ታድርግ። ቀኑ ካጠረ ለማራዘም ብሎ መምጣቱ አይቀርም፣ ከመጣ ደግሞ አንድ ሰበብ ፈልጋ ታስቀረዋለች፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር። ልጁ ቢጫ ሸሚዙን ለብሶ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሲጠብቃት፣ የቅንድቡን ጠባሳ ልዩ ምልክት ብላ መዘገበች። ፊት ለፊቷ ስለቆመ በእሷ ቀኝ በኩል ያለውን አይታ «ቀኝ ቅንድብ» አለች። ጠባሳው በግራው ነበር። ስርዝ ድልዝ ያለበት ይለፍ አይሠራምና እንዲሁ ተወችው።

«እቴቴ፣ ጠባሳዬን እኮ ከእኔ ቀድመሽ አሻገርሽው» ብሎ ሳቀባት።

እቴቴ ነው የሚላት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስለወለደችው፣ ታናናሽ ወንድሞቿ እቴቴ ሲሏት እየሰማ እናቱን እንደ ታላቅ እህት ሲጠራ አደገ። ሌላ ማንም በዚህ ስም የሚጠራት አልቀረም።

በሄደ በሦስተኛው ሳምንት ማዶው ታመሰ። በመጨረሻው ባቡር የተመለሰች አንዲት ሴት መስኮቱ ላይ መጥታ፣ ዓይኗን ከስኂን ዓይን እያሸሸች፣ «ልጅዎን ኬላው ላይ አይቼዋለሁ» አለቻት። «ወረፋው ላይ ከፊቴ ነበር። ይለፍህ ትናንት አልቋል ብለው አወጡት።» በማግስቱ ድልድዩ ከነኬላው በመድፍ ተመትቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ አንድ ጣቢያ ቀደም ብሎ ቆሞ ይመለሳል፤ እስከዚያ ለመሄድም ይለፍ ግድ ሆነ።

ጎረቤት ድንኳን ሊተክል መጣ። ስኂን በሩ ላይ ቆማ፣ ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብላ መለሰቻቸው። ሰዉ ልቧ እንቢ ብሏት መሰለው። እሷ ግን ብታለቅስ፣ አንድ ሰው ገዳዩ ማን ነው ብሎ ቢጠይቃት፣ በገዛ እጇ የጻፈችውን አሥራ አምስት ቀን እንዳታወጣው ፈርታ ነበር። ስምንት ወር እንዲህ ጥርሷን ነክሳ ኖረች።

በስምንተኛው ወር አንድ ሐሙስ አቶ ጅብሪል እንደ ወትሮው ቦርሳውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጎ «አሥራ ስድስት» አላት። ስኂን ስትቆጥር አሥራ ሰባት ሆነ። አሥራ ሰባተኛው ከሌሎቹ መሃል ሲወጣ እርጥብ ነበር፤ ዝናብ ከጠፋ ወራት ባለፈው በዚያ ቆላ፣ ውኃው ከጫፉ ጠብ ጠብ እያለ የመዝገቧን ልባስ አራሰው፣ ክፍሉም በአንድ ጊዜ የወንዝ ጭቃ፣ የበሰበሰ ሸንበቆና የዛገ ብረት ሸተተ። የራሷን የእጅ ጽሑፍ ከፎቶግራፉ በፊት ነው ያወቀችው። አሥራ አምስት ቀን ይላል። በጀርባው የኬላው ማኅተም አርፎበታል፦ ጊዜው ያለፈበት፣ አልተፈቀደም። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የዚያኑ ዕለት ሐሙስ ነበር።

«አቶ ጅብሪል፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አየ፣ ሊነካው ግን አልፈለገም። «ከኬላው ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ። «ኬላው እኮ የለም፣ ወይዘሮ ስኂን። ወንዙ ውስጥ ነው ያለው።»

ምን ትወስን። አለቃዋ የይለፉን ሥራ ለእሷ ጥሎ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ልጄ ሞቶ ቢሆን የሞት ወረቀት ይመጣ ነበር፣ በሕይወት ቢኖር ደግሞ እሱ ራሱ ይመጣ ነበር ስትል አሰበች፤ ይኸኛው ግን ከሁለቱም ያልሆነ ነው። ውሳኔ ሳትጽፍበት መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት ማኅተም ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሦስት። ልጁ በየሳምንቱ እዚያ፣ በሌለው ኬላ፣ ወረፋ ይዞ እየቆመ በየሳምንቱ ይመለሳል ማለት ነው። በአራተኛው ሐሙስ ከማኅተሞቹ ጎን የጭቃ አውራ ጣት አሻራ ነበረበት፤ ወረቀቱን አጥብቆ የያዘ ሰው አሻራ። ስኂን አሻራው ላይ የራሷን አውራ ጣት ስታሳርፍ፣ ስምንት ወር ያልወጣው ልቅሶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

የማራዘሚያ ቅጽ ዋስ ይፈልጋል። የዋሱ ቃል ከታች ታትሟል፦ «ይህን ይለፍ ይዞ የሚመጣው ሰው እርሱ ራሱ ለመሆኑ ዋስ ነኝ፤ ለሚያደርገውም እጠየቃለሁ።» ሠራተኛ ለቤተሰቡ ዋስ እንዳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ተከልክሏል። ይከልክል። ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ይለፉ ላይ «ተራዝሟል» ብላ ማኅተሙን ባለ በሌለ ኃይሏ መታችው። ቦርሳውን ለአቶ ጅብሪል ስታስረክብ ይለፉን ከሁሉም በላይ አደረገችው።

«ምን አደረጉ?» አላት።

«ዘጠኝ ወር ቀደም ብዬ ማድረግ የነበረብኝን።»

በሳምንቱ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ባቡሩ ገባ፣ የመንገደኛው ጫጫታ እየቀጠነ ሄዶ አለቀ። ስኂን አንገቷን ደፍታ ነበር። በመስኮቱ ቀዳዳ ስር ተቆጣጣሪው ያልሰበሰበው እርጥብ በራሪ ሲገባ አየች፣ ቀና ስትል አምኃ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ፣ ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው አፉን ገጥሞ ፈገግ ብሎ ያያታል። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አታስታውሰውም። ቀሪውን አውጥታ፣ በራሪውን በስፒል ወግታ፣ «ተመልሷል» ብላ መጻፏን ግን ታስታውሳለች። በሕይወቷ እንደዚያች ቃል ደስ ያላት ጽሑፍ የለም።

ጎረቤት እልል አለ። ልጁ ከስቷል፣ ገርጥቷል፣ አይናገርም፤ ጦርነት ያየ ሰው ምን ይናገራል ተባለ። ሸሚዙ ያው የሄደበት ነው፣ አንገትጌው ላይ የሰፋችው ቁልፍ ሳይቀር፤ ቢጫነቱ ግን ጠፍቶ እንደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግራጫ ሆኗል። ፀሐይ አንጥቶት ይሆናል አለች። ስታጥበው፣ ደጋግማ ስታጥበው፣ ውኃው ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ልጁ ከወገቡ በታች ጋቢ ሳይለብስ አይቀመጥም፣ እሷም ጋቢውን ገልጣ ማየት አልፈለገችም። ጠዋት ቢሮ ድረስ ይሸኛታል፣ ማታ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ጠጠሩ ላይ የሚሰማው ግን የእሷ ኮቴ ብቻ ነበር። ቤቱ ቀስ በቀስ ወንዝ ወንዝ መሽተት ጀመረ፤ ዱቄቱ፣ አንሶላው፣ የራሷ ጸጉር ሳይቀር።

ከምንም በላይ የጨነቃት ጠባሳው ነው። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ደጁ ብርሃን አውጥታ አገጩን ይዛ አየችው። ግራው ቅንድብ ምንም የለበትም፤ ንጹሕ። መዝገቡም የሚለው ቀኝ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለች በልቧ፣ ሰባት ዓመት ሲሆነው ደሙን በነጠላዋ የያዘችለት እሷ ሆና ሳለ።

«ስንት ዓመትህ ነው ዛሬ?» አለችው ቀልድ አስመስላ። ሃያ አራት ከሞላ ሁለት ወር አልፎታል።

«ሃያ ሦስት» አለ። «ሥራ፣ ድሬሰር።»

«እስቲ እቴቴ በለኝ።»

አያት። ዓይኑ የማያውቀውን ቃል የሰማ ሰው ዓይን ነበር። ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ፣ «የእናት ስም፣ ስኂን» አላት።

እጇን ከአገጩ ላይ አነሣች። ቢሆንም ራት አቀረበችለት፣ አልጋውንም አነጠፈችለት። ልጄ አይደለም ብትል ልጇ የት ነው? ዘጠኝ ወር የለመነችውን አምላክ፣ ይሄኛውን ውሰድና ሌላ ስጠኝ ብላ በየትኛው አፏ ትለምነዋለች? ደግሞም ፈርማለች፤ እርሱ ራሱ ለመሆኑ ዋሱ እሷ ናት።

ቀጣዩ ሐሙስ እንደማንኛውም ሐሙስ መጣ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ብዕሯን ከደነች፣ ስፖንጁን አራሰች። አቶ ጅብሪል ቦርሳውን አስቀምጦ «አሥራ አንድ» አለ፣ «የልጅዎ ነገር እንዴት ሆነ?» አለ።

«ደህና ነው። ይኸው መጥቷል» አለች ወደ መስኮቱ እየጠቆመች።

ሽማግሌው ዞር ብሎ ከመስታወቱ ወዲያ ከደረቱ በላይ የሚታየውን ሰው አየ። ቆቡን አነሣ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ሌላ ሳይጠይቅ ወጥቶ ሄደ።

ስኂን ቆጠረች። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛው ይለፍ አልነበረም፤ ከክሊኒክ መድኃኒት ማዘዣ ላይ የተቀደደ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ አራት ላይ የታጠፈ፣ እርጥብ፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት። ስትዘረጋው የልጇን ጽሑፍ አየች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በስንት ቁጣ ያልተቃናለት፣ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ጽሑፍ። ጥራዙ አጠገቧ ክፍት ነበር፤ በስፒል የተወጋው የአምኃ ስም፣ ላዩ ላይ «ተመልሷል» የሚለው የእጇ ጽሑፍ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው አፉን ገጥሞ ፈገግ እንዳለ ይጠብቃታል፤ አሁን ይዟት ወደ ቤት ሊሄድ ነው። እሷም ወረቀቱን ከጠረጴዛው ሥር፣ እሱ እንዳያየው አድርጋ ይዛ አነበበች።

«እቴቴ፣ ያራዘምሽልኝ ይለፍ ደርሶኝ ነበር፤ ግን ወረፋው ላይ ከኋላዬ የቆመው ከእጄ ነጥቆኝ ተሳፈረበትና እኔ እዚሁ ውኃው ውስጥ ቆሜአለሁ፤ እባክሽ ሌላ ጻፊልኝ።»