የሰው ጊታር

«ጊታሬስ?»

ወንድሟ ግማሽ አካሉን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገብቶ ነው የጠየቀው። ከጦር ግንባር ለአጭር እረፍት መምጣቱ ነበር፤ ገና ሻንጣውን እንኳ አልፈታም። ፊቱ ጠቁሯል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ ሳቁ ግን ያው ነው።

ፌንጣ ክው አለች። አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነበር ቤተሰቡ «ፌንጣ» የሚላት። አሁን ግን እግሯ አልላወስ አላት።

«እኔ እንጃ» አለች።

«እንጃ ማለት ምን ማለት ነው? አደራ ብዬሽ አልነበር የሄድኩት?»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች። «ያ ሽቦ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል? በመጣ ቁጥር ‹አንዴ ልንካው› እያለ ሲዞረው አልነበር?»

ሽቦ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ከፌንጣ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። «እማዬ፣ እሱ አይደለም» ማለት ነበረባት። አላለችም። እናቷ መቀሷን ወርውራ ወጣች።

ፌንጣ ተከትላት ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነገሩ ጦፏል።

«ልጄን ሌባ ልትይው ነው?» ትላለች የሽቦ እናት፤ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው።

«ሌባ አላልኩም! የወሰደውን ይመልስ ነው ያልኩት!»

«እትዬ፣ እኔ አልወሰድኩም» አለ ሽቦ። ቀጥሎ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ፌንጣን አያት። ጠበቃት። እሷ መሬት መሬቱን አየች። እሱም ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ሽቦ እውነቱን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ለወታደሮች ስጦታ ሲያሰባስብ በሰልፉ ላይ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «ስንቅ ብቻ አይደለም የሚያበረታቸው፤ የሚያስባቸው ሰው እንዳለ ማወቅም ነው» ብላ ነበር መምህርታቸው። ልጆቹ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ሹራብ፣ መጫወቻ ካርታ ይዘው እየወጡ ይጨበጨብላቸዋል። የፌንጣ እናት ሥራ ቀዝቅዞባት ካልሲ እንኳ አልገዛችላትም። ባዶ እጇን መቆም ሞት መሰላት። በዚያ ላይ ልጃገረዶቹ ከዋዜማው ጀምሮ «አንቺስ ምን ልታመጪ ነው?» እያሉ ፋታ ነስተዋታል። ወንድሟም ወታደር፣ እነሱም ወታደር፣ ምን ልዩነት አለው ብላ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልላ ወሰደችው።

ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። «ፓ! ቀወጥሽው እኮ!» አላት ሽቦ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «ወንድምሽ ግን ፈቀደ?» አላት።

«ራሱ ነው ስጪልኝ ያለኝ» አለችው።

ያን ቀን ራሷን ወድዳ ነበር የዋለችው።

አሁን ሦስቱም እራት ላይ ናቸው። ወሬ የጀመረው ወንድሟ ነው።

«ልጁን ተዪው እማዬ። ወስዶትም ከሆነ ይጫወትበት።»

«አንተ ደግሞ! አደራ ያልከው ዕቃ እኮ ነው!»

«እሱማ ነው።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ሁሌ የሚያንጎራጉራት ዜማ ነበረችው፣ ራሱ የፈጠራት። አሁን እሱ የለም። ዜማዋን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷም መጥፋት ጀምራብኛለች። ቤት ስደርስ በጊታር እይዛታለሁ ብዬ ነበር።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እሱ ወሬውን ለመቀየር ያህል ፈገግ አለ። «አንዴ ደግሞ እሽግ መጣልን፣ ከተማሪዎች ነው አሉ። ስንከፍተው ጣቶቹ ላይ የተጣጣፈ አሮጌ ጓንት! በሳቅ ሞትን። በኋላ ግን ለጥበቃ የሚወጣው ሁሉ እሱን ካላጠለቅሁ ይል ጀመር። አዲስ ሞልቶ! የላከው ሰው ከገዛ እጁ አውልቆ የሰጠን ነበር የሚመስለው።»

ፌንጣ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ያን ሁሉ ጭብጨባ አስታወሰች፤ ፊቷ ጋለ። ወንድሟ ነገ ተነገ ወዲያ ተመልሶ ይሄዳል። እናቷም ነገሩን ትረሳው ይሆናል። ሽቦም አይናገርባትም፤ እስካሁን መቼ ተናገረ? ዝም ካለች ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ከነገ ጀምሮ ግን የሽቦ እናት ከእናቷ ጋር ሰላም አይባባሉም፤ ሽቦም ሰፈሩን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው።

ከወንበሯ ተነሳች።

«እማዬ፣ ነይ እነ ሽቦ ቤት እንሂድ። አንተም ና፣ ወንድም ጋሼ።»

«ደግሞ ምን ልንሆን?»

«የምናገረው አለኝ። እነሱም ባሉበት ነው የምናገረው።»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ግን ፌንጣን ትንሽ አየት አደረጋትና፣ ምንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

በሩን የከፈተላቸው ሽቦ ነው። ሦስቱን ተራ በተራ አይቶ ፌንጣ ላይ ሲደርስ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ተዪው የሚላት ይመስላል። እሷ ግን በአጠገቡ አልፋ ገባችና እናቱ ፊት ቆማ መናገር ጀመረች።