ሁለት ጊዜ የተቆጠሩት ሯጮች

ባንቺአየሁ የሞተችው ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የሯጮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ሐይቁ ዳር በሠራው የላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ከመሮጫ ማሽኑ ሥር ወድቃ ተገኘች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ።

ከላስቲኩ ውጭ ነፋሱ ደንገሉን ያወዛውዛል። ውስጡ አርባ ዲግሪ ነው።

ኢንስፔክተር ሥርጉት መጀመሪያ የጠረጠረችው መድኃኒት ነበር። የደም ምርመራው ንጹሕ ወጣ። ቀጥሎ የማሽኑን ኤሌክትሪክ ጠረጠረች። ባለሙያው ፈትቶ አየው፤ ምንም አልነበረውም። ሐኪሙ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ ሙቀት።

የቀረው አሠልጣኙ አብዱልከሪም ነው። ታሰረ። ዓርብ ክስ ይመሠረትበታል። ሚስቱ ሰሚሐ ከጣቢያው በር አልነቃነቅም ብላለች።

«ለምን አርባ ደቂቃ አስሮጥሃት?» አለችው ሥርጉት።

«መመሪያው ነዋ።»

«ማን ያወጣው?»

«የማዕከሉ ተመራማሪ፣ ዶክተር ኪሩቤል። አሥራ አንድ ጥናት ደምሮ ያገኘው ነው። በሙቀት የሮጠ ሰው የትንፋሽ አቅሙ ይጨምራል ይላል። እኔ ማን ነኝና ከአሥራ አንድ ጥናት ጋር የምሟገተው?»

ሥርጉት ጥናቱን ወሰደች። ቁጥር ትጠላለች። ሠንጠረዡን ደጋግማ አነበበች፤ ደጋግማ ወረወረችው።

«የሰው ነፍስ ጠፍቶ አንቺ ሒሳብ ትማሪያለሽ!» አለቃዋ አሾፈባት።

ሐሙስ ጠዋት ዓይኗ ሁለት መስመሮች ላይ ቆመ። «ዓምደ ሚካኤል፣ 2009።» «አስናቀ፣ 2017።» ሁለቱም አሥራ ስድስት ሯጭ። ሁለቱም ስድስት ነጥብ ሁለት በመቶ ጭማሪ። ከሁሉም የላቀው ውጤት የእነሱ ነው።

የጥናቱን ጸሐፊ አድራሻ አጠያይቃ ሚኒባስ ተሳፈረች። መሸንቲ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ዓምደ ሚካኤል አስናቀ የሚባል የስፖርት መምህር አገኘች።

«አስናቀ ማን ነው?»

«አባቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ምን አጠፉ?»

«ስለ ሙቀት ጥናት ጽፈዋል እንዴ?»

መምህሩ ሳቀ። «ኧረ እህቴ፣ አባቴ ገበሬ ነበሩ! ጥናቱ የእኔ ነው። አገር ውስጥ በስሜና በእኛ ዘመን ወጣ። ፈረንጆቹ ደግሞ በአባቴ ስምና በእነሱ ዘመን አወጡት። ሯጮቹ ያው አሥራ ስድስቱ ናቸው።»

«እና ሙቀቱ አጠነከራቸው?»

«ላስቲክ ቤት ያልገቡትም እኮ ስድስት በመቶ ጨምረዋል። ልምምዱ ነው እንጂ ሙቀቱ መች ሆነ! ይህን ሁሉ ለኪሩቤል ጽፌለታለሁ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳያት።

ከሰዓት በኋላ ኪሩቤል ቢሮ ገባች።

«የስም ስሕተት ነው» አለ። «የውጭ መጽሔት በአባት ስም ነው የሚጠራው። ማንም ይሳሳታል።»

«የውጭ ሰው ይሳሳት። እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«ሥራ ይበዛል...»

መልእክቱን አትማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ከሥሩ የኪሩቤል መልስ አለ፦ «አመሰግናለሁ፤ አስተካክላለሁ።»

ኪሩቤል ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

«አንዱን ሳወጣው ውጤቱ ሳሳ» አለ በመጨረሻ። «ያለ ሙቀት ከሮጡት ጋር ሳወዳድረው ጭራሽ ምንም አልቀረም። ላስቲክ ቤቱ ተሠርቷል። ስሜ ተጠርቷል። ምንም አላገኘሁም ብዬ ልጻፍ?»

«አዎ!» ጮኸችበት። «እንደዚያ ብለው ይጻፉ!»

ዓርብ ጠዋት የመፍቻውን ትእዛዝ ይዛ እስር ክፍሉን አስከፈተች። ሰሚሐ ከኋላዋ ቆማለች።

«ውጣ። ዶክተሩ አምኗል። ቁጥሩ የውሸት ነበር።»

አብዱልከሪም አልተነሣም።

«ይሁን» አለ። «ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ላስቲኩን መታች። ‹ጋሼ፣ በቃኝ› አለችኝ። ሰዓቴን አየሁና፣ አሥር ደቂቃ ይቀርሻል አልኋት።»

ሰሚሐ አፏን በእጇ ያዘች።

«እስካሁን ለምን አልተናገርህም?» አለችው ሥርጉት።

«አልጠየቁኝማ። የጠየቁኝ ስለ መመሪያው ነው።»

ሥርጉት የመፍቻውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ብዕሯን አወጣች።

«በል» አለችው፤ «ላስቲኩን ከመታችበት ጀምር።»