የግራው ካልሲ

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። እግሮቹ በተደራረቡ ትራሶች ላይ ከፍ ብለዋል፤ አንሶላው እስከ ደረቱ ተስቦ ጠርዙ ተስተካክሏል። ለሞተ ሰው ከሚገባው በላይ ተመቻችቷል።

መርማሪዋ ይህ ምቾት አልጣማትም። የሟቹ መለኪያ ሜትር አሁንም አንገቱ ላይ ነው። በቀኝ እጁ መሃል ጣት ላይ ደግሞ መርፌ እንዳይወጋ የሚጠለቀው የብረት ቆብ አለ። ሰው ይህን ሁሉ ይዞ አይተኛም።

«ትታሰር!» አለ ከኋላዋ የሟቹ ወንድ ልጅ። «የገደለችው እህቴ ናት። ቁልፉ እሷ ጋ፣ ምግቡ እሷ ጋ፣ መድኃኒቱ እሷ ጋ። ትናንት ስደውልለት ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ግራ እግሬን ገደለችው› አለኝ። በገዛ አፉ!»

«እግሩን ምን ታደርገው ነበር?»

«ስፖርት ታሠራዋለች። አብጦ ነበር።»

ይህን ሲል ስልኩ ጮኸና ወደ ውጭ ወጣ። መኪና ያሻሽጣል፤ ሰፈሩ «ሃሎ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

እህቱ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም። ሽርጧ ላይ የተሰኩትን መርፌዎች አንድ በአንድ እየነቀለች መልሳ ትሰካለች።

ሱቁም መኖሪያውም አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ከሥራው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ወለሉን የልብስ ሰፊ ጠመኔ ብናኝ አልብሶታል። በብናኙ ላይ ከወንበሩ ተነስተው በመጋረጃው ሥር አልፈው አልጋው ጋ የሚቆሙ ሁለት ጎን ለጎን የሄዱ መስመሮች አሉ። ተረከዝ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት።

መርማሪዋ አንሶላውን ገለጠች። ቀኝ እግሩ ላይ እስከ ጉልበቱ ሥር የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አለ። ግራው ባዶ ነው፤ ከቀኙ እጅግ ወፍሮ ቆዳው ይብለጨለጫል። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎም ዙሪያውን የጠለቀ ሰንበር ታትሞበታል፤ ቀለበት የጠበበው ጣት ይመስላል።

«ሌላኛው ካልሲ የታለ?»

ልጅቱ መርፌ መንቀሏን አቆመች። «እኔ እንጃ» አለች።

ውሸቷን ነው። መርማሪዋ ግን ለጊዜው አለፈቻት።

አስከሬኑ ለምርመራ ከሄደ በኋላ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካይ አነጋገረችው። ሽማግሌ ነው፤ የሟቹ ባልንጀራ። በትዝብት ዓይን አያት።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ? እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር።»

«እኔው ነኝ፣ አባባ። መቼ ነው ያዩት?»

«ጠዋት ሱቄን ስከፍት፤ በመስኮቱ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። ‹ዛሬም አልሞትክም?› አልኩት። ‹የአንተን ፀጉር ቆረጣ ያየ ሞት ደንግጦ ሸሸ› አለኝ። እንዲህ ነው የምንጫወተው።» ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «ከዚያ ልጅቱ ስትጮህ ሮጥኩ። ስደርስ አልጋው ላይ ነው።»

«እግሩ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያብጠው?»

«ሃሎ ሞተር ከገጠመለት ወዲህ። ዕድሜ ልኩን ያንን መኪና በእግሩ እየረገጠ ነው የሰፋው። ልጁ ‹አባባን ላሳርፈው› ብሎ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛለት። አሁን ቁልፉን በጉልበቱ ገፋ ያደርጋል፣ መኪናው ይሰፋል፣ እሱ እንደ ሐውልት ይቀመጣል። ደስ ብሎን ነበር እኮ! መርቀን ነው የገጠምነው።»

ቀጥሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ሄደች። ባለሙያው ቀጠን ያለ ወጣት ነው። «ዶክተር» ስትለው «ዶክተር አይደለሁም» አለ፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚለው ይመስላል።

«ጋሼን ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ያኔ ሁለቱም እግሮቻቸው እኩል አብጠው ነበር። ልባቸውንና ኩላሊታቸውን ሐኪም አይቶ ደህና ናቸው ብሏል፤ መንስኤው መቀመጥ ነው። ባት ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ደሙ ታች ይቀራል። እንደ እውነቱ ከሆነ ያ የእግር መርገጫ ሕክምናቸው ነበር። እኛ የሰጠናቸው የእሱን ምትክ ነው።»

«ምን ሰጣችኋቸው?»

«ቀላል ነገር። ተቀምጠው ተረከዝ ማንሳት፣ ከዚያ የእግር ጣት ማንሳት፣ ቁርጭምጭሚት ማዞር። ቶሎ ቶሎ ተነስቶ መራመድ። ሲተኙ እግርን ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ። ደጋፊ ካልሲም ሰጥተናቸዋል።»

«ይህ እንቅስቃሴ ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም። ግን…» ብሎ ቆመና አንድ ነገር ነገራት። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ለማን እንደተናገረውም ጠየቀችው።

አለቃዋ መንገድ ላይ ደወለላት። «ልጅቱ ሬሳ ጎትታለች፣ ማስረጃ ደብቃለች፣ ወንድሟ ይመሰክርባታል። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ።»

«እስከ ነገ ስጠኝ።»

«እስከ ነገ ብቻ! ከዚያ ካቴናውን እኔው ይዤ እመጣለሁ።»

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት እንደደረሰ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ፣ ባለሙያው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሃሎ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ እህቱ እዚያው መኪናው አጠገብ። የሟቹ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም።

«የረጋ ደም ነው» አለች መርማሪዋ። «ግራ እግሩ ውስጥ ተፈጥሮ ወደ ሳንባው ሄደ። ሞቱ ፈጣን ነበር። መርዝ የለም፣ ዱላ የለም።»

«እግሩን እያሽከረከረች ነዋ የረጋውን ደም ያስኬደችው!» አለ ሃሎ።

«ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ። መጀመሪያ መስመሮቹ።» ወለሉን አሳየች። «ሰውየው የሞተው ወንበሩ ላይ ነው። ወደ አልጋው የጎተተው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ቢሆን ተሸክመውት ተረከዙ መሬት ባልነካ ነበር። አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ አየሁት። ራሱን የሳተ ነው የመሰለኝ። እግር ከፍ ሲል ደም ይመለሳል ተብሏል ብዬ… የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

«ካልሲውንስ?»

መርማሪዋ ጥግ ወዳለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ሄዳ እስከ ክርኗ አስገባች። ጨርቅ የሚደብቅ ልብስ ሰፊ ጨርቅ መሃል ነው የሚደብቀው። የግራው ካልሲ ወጣ። አፉ ዙሪያ የሱሪ ወገብ ላስቲክ ተሰፍቶበታል፤ ጥብቅ፣ በድርብ ክር።

«ይኸው!» ሃሎ ጮኸ። «እግሩን ያነቀችበት! ከእሷ በቀር ማን ይሰፋል?»

«ኋላ ኪሱ የተቀደደ ሱሪ እዚያ አለ» አለች መርማሪዋ ለልጅቱ። «እስቲ ጥቂት ስፊልኝ።»

ልጅቱ መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። ሁሉም አየ። መርማሪዋ ሱሪውንና ካልሲውን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ የአንዱ ስፌት ወደዚህ፣ የሌላው ወደዚያ ዘሟል።

«ይህን ላስቲክ የሰፋው ቀኝ እጅ ነው፤ የብረት ቆቡም የነበረው በሟቹ ቀኝ እጅ ላይ ነው። ካልሲው እየተንሸራተተ አስቸገረው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ላይ እየሳበ ይኖር ነበር። ልብስ ሰፊ ግን የሚወርድ ልብስ ማየት አይችልም። ሳያማክር ሥራውን ሠራ። በግራው ጀመረ፤ ቀኙን ሳይደርስበት ቀረ። ላስቲኩ ደሙን አገደው፣ መቀመጡ ጨመረበት፣ ደሙ ረጋ።»

«አባባ ራሱ?» አለ ሃሎ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ሳወልቅለት ነው ያየሁት» አለች እህቱ። «ካልሲውን የሚያጠልቀው ራሱ ነበር፤ ሱሪ ይሸፍነዋል። እጁን አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ነው የተማርኩት። በገዛ መርፌው ሞተ እንዲባል አልፈለግሁም። ሰው ይስቃል።»

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«እሺ» አለ ሃሎ ቶሎ። «ግን እግሩ እያበጠ ታይ ነበር! ‹ገደለችው› ያለኝ ውሸት ነው? ለምን ሐኪም ጋ አልወሰደችውም?»

«አይቻለሁ» አለች ልጅቱ። «ግራው ብቻውን አብጦ ነበር። ይሞቃልም። ባቴን አመመኝ ሲለኝ፣ ስፖርቱ አንሶት ነው ብዬ ለግራው እጥፍ አደረግሁበት። አሞኛል እያለ ነው ያሠራሁት።» መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጠዋት ደግሞ ‹እግሬን እዪልኝ› አለኝ። ‹ይህን ዚፕ ልጨርስና› አልኩት።»

«ሰማችሁ?» አለ ወንድሟ።

መርማሪዋ ወደ ባለሙያው ዞረች። «ትናንት የነገርከኝን ድገመው።»

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ እንቅስቃሴው ይጠቅማል። አንዱ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱን ካመመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እቤት የሚሞከር ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። ትንፋሽ ካጠረማ ጭራሽ። ይህን ሳልናገር ሰው አላሰናብትም።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ላመጧቸው ልጃቸው።» ሃሎን አየው። «ስልክ ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ጠብቄ ነገርኩዎት። ‹ገብቶኛል› አሉኝ።»

ልጅቱ ቀስ ብላ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ተረከዝ ማንሳቱን ነግረኸኛል። ትራሱን ነግረኸኛል። ይህንን ለምን አልነገርከኝም?»

ሃሎ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየ። «ረሳሁት» አለ። «ደንበኛ ነበር የደወለው… ረሳሁት።»

«የገደለው እንቅስቃሴው አይደለም» አለች መርማሪዋ፤ አነጋገሯ ከሌላ ጊዜ ይልቅ የፈጠነ ነበር። «የገደለው መዘግየቱ ነው። እሷ የሠራችው የተነገራትን ነው፤ የተነገራት ግን ግማሹ ነው። አትታሰርም። ለአለቃዬ ይህንኑ እነግረዋለሁ።»

ልጅቱ መዳኗን የሰማች አትመስልም። ባለሙያውን ጠየቀችው፦ «በጊዜው ባመጣው ኖሮ ይድን ነበር?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «ብዙዎቹ ይድናሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ይህን አሁን…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሃሎ ስልኩን አጥፍቶ ለስፌት የተከመሩት ሱሪዎች መሃል አስቀመጠው። ከዚያ መርማሪዋ ፊት መጥቶ ሁለት እጆቹን አንድ ላይ ዘረጋ።

«እሰሩኝ።»

«በምን?»

«በፈለጉት። አንድ ሰው መታሰር አለበት።»

«መርሳት የሚያስቀጣበትን አንቀጽ አላውቅም» አለች። በእውነትም ስታስብበት ነው ያደረችው፤ አላገኘችም።

«እጅህን አውርድ፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ።

አላወረደም።