የሙላር አሽከር

ፀሐይ በቀትር የደም ቀለበት በታጠቀችበት ዕለት፣ የባሕሩ ንጉሥ ሎሳር ነጎድ የተባለውን የጉማር መንግሥት ነጋሪት ሰርቆ ወሰደ። ነጎድ ሲጮኽ ሕዝቡ ካለበት ይነሣ ነበር፤ ከተሰረቀ ወዲህ ግን ጉማር አንገቷን ደፍታ ለሎሳር ገበረች።

ነጎድን ለማስመለስ የማለው የጋሻ ማኅበር አንደበተ ርቱዑን ዛጎንን፣ መልከ መልካሙን ሙላርንና ቀስተኛዋን እንኮዬን ላከ። ሎሳር ነጋሪቱን በደበቀበት ዋሻ ውስጥ የሚጠብቀውን ባለ እሳት ምላስ አውሬ ወግቶ የጣለው ዛጎን ነው። የእንኮዬን ቁስል ሊያስር ባጎነበሰ ጊዜ ግን ሙላር ነጋሪቱን ታቅፎ ፎከረ። በጉማር ሕግ ቀድሞ የፎከረ ግዳዩ የእሱ ነው፤ ነጎድም የባለ ግዳዩ ስም በፉከራ ካልተጠራበት አይጮኽም፤ የሌላውን ስም ጠርቶ የሚፎክርም አሽከሩ ነኝ ማለቱ ነው።

የማኅበሩ አለቃ አባ መብረቅ ሙላርን በቀኛቸው አስቀመጡት። ዛጎን ከበሩ ሥር ሆኖ ለሙላር ሲዘፈን ሰማ፤ ምራቁ ሐሞት ሆነበት። ሙላር በሳቀ ቁጥር ጥርሱን ማርገፍ ያምረው ነበር።

ወዲያው የሎሳር መልእክተኛ መጣ፦ «ነጎድን መልሱ፤ አባ መብረቅም አገረ ገዥ ይሁኑ።» አለቃው ተስማሙ። ሙላርም ጠጁን መጠጣቱን ቀጠለ።

ዛጎን ጋሻውን እግራቸው ሥር ወረወረ። «የማልነው ለጉማር እንጂ ለእርስዎ ወንበር አይደለም! ከእንግዲህ የማኅበሩ ሰው አይደለሁም!»

«ቅናት ነው የሚያናግርህ!» አሉ አባ መብረቅ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

እንኮዬ እያነከሰች ደጅ ደረሰችበት። «እውነታቸውን ነው እንዴ? ለአገር ነው ወይስ ለሙላር ወንበር?»

«ለሁለቱም» አለ ዛጎን።

«እንግዲያው ነጎድ መርከብ ላይ ሳይጫን ድረስና ምታው። በማን ስም እንደሚጮኽ ታውቃለህ።»

«አሽከሩ ነኝ ብዬ? የፎከሩት እኮ አይታጠፍም! ዕድሜ ልኬን አሽከሩ ልሆን?»

«ተወዋ! ቅናትህን ታቅፈህ ለሎሳር ገብር።»

ዛጎን የነጎድን ጠባቂዎች ጥሶ አደባባዩ መካከል ደረሰ። ነጎድን መታው፤ ዝም። በራሱ ስም ፎከረ፤ ዝም። ጦረኞች ሲከቡት ዓይኑን ጨፈነና፣ እንደ ፍም የሚፋጀውን ቃል ከጉሮሮው አወጣው።

«ዘራፍ! የሙላር አሽከር!»

ነጎድ ጮኸ፤ ተራሮቹ ተናወጡ። ሕዝቡ ከየሸለቆው ጎረፈ፤ አባ መብረቅ ከወንበራቸው ወረዱ፤ የሎሳርም መርከቦች ሸራቸውን እንኳ በቅጡ ሳይዘረጉ ፈረጠጡ።

ለድሉ በዓል ሕዝቡ የሙላርን ስም እየጠራ ሲጨፍር፣ ዛጎን ፈረስ ጭኖ ለጌታው እርካብ ያዘ። ሙላር ሊያየው አልደፈረም፤ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ይህን ጊዜ የዛጎን ልብ በክፋት ሞቅ አለ።

«ጌታዬ፣» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ኮርቻው ተመቸዎት?»