ሊዲያ ስትጠመቅ ሳቀች

ጂን አየሁ፣ መንፈስ ታየኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እኔ ዘይነባ «ምሳ በልተሃል?» ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ወላሂ፣ ወሎ ስለ ጂን ሲወራ ነው ያደግኩት፣ አንዱም ግን ደጄን አንኳኩቶ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ካርቱም የሰው ቤት ስሠራ የሚያስፈራኝ ፖሊስ ብቻ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅበት ነበር።

ነገሩ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀምር ነው። ካርቱም ዳር ካላክላ ሰፈር ከመሠረትና ከልጇ ከሊዲያ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፣ እሷ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ግን እህቴ ማለት ናት። ባሏ አውሮፓ ገብቶ ሊወስዳቸው ወረቀት ጀምሯል፣ ኤምባሲው ደግሞ ሊዲያ የመሠረት ልጅ ለመሆኗ ማስረጃ አምጪ አላት። ልጅቷ የተወለደችው እዚያው ክፍላችን ውስጥ፣ በጎረቤት እጅ፣ ምን ማስረጃ አላት? የተጻፈችበት አንድ ቦታ ቢኖር መሀል ከተማ ያለው አሮጌው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያ ነው የተጠመቀችው። ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ያለ ማስረጃ ከሄዱ ፋይሉ ይዘጋል፣ ኻላስ፣ አለቀ!

መሠረት ከከተማው ራቅ ብሎ ሶባ ነው የምትሠራው፣ ማዳሟ ቀን አታስወጣትም። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ዘበኛ ዐም ኩኩን በስልክ አነጋገረችውና «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ይጠብቅሻል፣ ሂጂልኝ በአላህ» አለችኝ። እኔ የምሠራው ዐማራት ሰፈር ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የማዳሜን ቁርስ አነሳሁና፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ደረስኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። «ዐም ኩኩ!» ብል መልስ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ስለማላውቅ ትንሽ ፈራ ተባ አልኩ፣ ከዚያ ለሊዲያ ነው ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ መስጊድ መስሎኝ፣ አትሳቁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ከጥግ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይገለጣል።

«ነይ ልጄ፣ ማንን ብለሽ ነው?» አለችኝ አንዲት ሴትዮ። ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ እስከ ግንባሯ ወርዷል፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ሀበሻ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ የመጣሁበትን ነገርኳት። «ዓመቱን ታውቂዋለሽ?» አለች። አላውቀውም፣ መሠረትም በእኛ አገር አቆጣጠር ነው በእነሱ አገር እያለች አምታታችብኝ አልኳት። «ግድ የለም» ብላ ትገልጥ ጀመር።

እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የማን ስም ነው?» አልኳት። ጣቷን እያስኬደች ነገረችኝ። መጀመሪያ ጀርመኖች ነበሩ አለች፣ ወደ ሀበሻ አገር ሊሻገሩ በመርከብ መጥተው መንገድ ተዘጋባቸው፣ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እያሉ ድንጋይ ጠርበው ይህን ሠሩ፣ ልጆቻቸው እዚህ ተጠመቁ፣ ወባ ሲጨርሳቸውም እዚሁ ተጻፉ። ከዚያ የኑባ ሰዎች፣ ከዚያ የደቡብ ሱዳን ሰዎች። «ከዚያ እናንተ፣ ከደርግ የሸሻችሁት።»

«ኧረ እኔስ የሸሸሁት ከድህነት ነው» አልኳት፣ እሷም ፈገግ አለች። በኋላ ነው «እናንተ» ያለችው ነገር የከነከነኝ፣ እሷስ ከየት ናት?

አንድ ገጽ ላይ ቆመችና፣ ለራሷ እንደምታወራ «አዎ፣ ይቺ የሳቀችው ናት» አለች። ብዕሯን ቀለም ውስጥ ነክራ በሌላ ወረቀት ገለበጠችው፣ የልጅቷን ስም፣ የእናቷን፣ የአባቷን፣ ማኅተም መታችበትና ሰጠችኝ። እጇን ልስም ጎንበስ ስል «ሂጂ፣ ሥራ ይጠብቅሻል» አለችኝ። ስወጣ የሰፈሩ ጀነሬተር ሁሉ ያጓራል፣ ለካ መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም፣ ቬንትሌተሩ ሲዞር እንደነበር ትዝ ያለኝ ማዳሜ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዐም ኩኩ ደወለ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሳዓ ተላታ፣ ሦስት ሰዓት አላልኩም? የት ነሽ?» ይለኛል። ለካ እሱ ያለው የነሱን ሦስት ነው፣ የኛን ዘጠኝ! መሠረት ሳትቀይር ነው የነገረችኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። «መጥቼ ወረቀቱን ወስጃለሁ እኮ» ብለው «ነይ» አለኝ።

ሄድኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፣ ቁልፉ እሱ አንገት ላይ ነው፣ ጠዋት ኦምዱርማን ነበርኩ አለኝ። ወለሉ ላይ አቧራው ወፍሮ ተኝቷል። ከጠረጴዛው ሥር ሣጥን ሳበና ከፈተልኝ፣ ውስጡ ምስጥ የበላው የወረቀት ብናኝ ነው። «መዝገቡ ይሄ ነው፣ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል፣ በስልክ ማለት ከብዶኝ ነው የጠራሁሽ» አለ። ወረቀቴን ወደ ብርሃኑ ይዞ አገላብጦ አየው። ማኅተሙ የኛ ነው አለ፣ እሱም ግን ከጠፋ ቆየ፣ እዚህ የምትሠራ ሴት ደግሞ የለችም። እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ማወቅ ነበር ያማረኝ፣ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ አስከፈትኩት።

ማታ ለመሠረት ሁሉንም ነገርኳት፣ የሳቀችው ናት ያለችውንም። መሠረት ፊቷ ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ? ውሃው ሲነካት ከትከት ብላ ሳቀች፣ ፓስተሩ እንኳ ጸሎቱ ጠፋበት፣ ለአባቷም ነግሬው አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው። «የሰጠኝ ማንም ይሁን፣ ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ።»

ይዛው ሄደች፣ ተቀበሏት፣ በሁለት ወር ውስጥ እናትና ልጅ ተሳፈሩ። እኔ በጦርነቱ ተሰድጄ፣ አሁን ካላክላ ተመልሻለሁ፣ ዐም ኩኩ ግን ስልኩ አይሠራም።

ባለፈው ሳምንት ሊዲያ ደወለችልኝ፣ አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሊታደስ ነው፣ ወረቀቱን እንደገና አምጡ ብለዋቸዋል።

«ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ሌላ አውጪልን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት ግን፣ ትደነግጣለች። ቀለሙ እየለቀቀ ነው። የአባዬ ስም አለ፣ የኔም አለ። የእማዬ ስም ጠፍቷል።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት፣ ቅዳሜ በኛ ሦስት ሰዓት በሩ ላይ እቆማለሁ።