የግራው ሲሊንደር

ስማኝ ወዳጄ፣ እኔ ስለ ጋኔን፣ ውሃ ውስጥ ስላለ ምናምን ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ደሜ ይፈላል፣ ደግሞስ ምጽዋ ስንት ዓመት ባሕር ሥር ስጠልቅ ዓሣና የሰመጠ ብረት እንጂ ሌላ ያየሁት የለም። ይኼን ስነግርህ አብዷል ብትለኝም ግድ የለኝም፣ እኔ የተናደድኩት በሌላ ነው።

የኛ ሰፈር ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው፣ ከገደሉ ሥር ምንጫችን የሚወጣበት ዋሻ አለ፣ በየበጋው ወንዱ ተሰብስቦ ደለሉን ይጠርግ ነበር። ውስጡ ጨለማና ጠባብ ስለሆነ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፣ ባዶው ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃ ተሞልቶ በዚያው ይመለሳል። በጨለማ አይተያዩምና ተቀባዩ ቅርጫቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል፣ ይዤዋለሁ ልቀቅ ማለቱ ነው። አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ባዶውን የሰጠ ሰው ሙሉው ሳይመለስለት ቦታውን አይለቅም፣ ሙሉው ከቀረ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነገር ሆኗላ።

ታናሽ ወንድሜ ተክሌ፣ እኔ ምጽዋ እያለሁ፣ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጠርግ ጣሪያው ተናደ፣ ውሃው ዋሻውን ሞላው። ባዶውን ተቀብሎ መታ መታ አድርጎ ነበር አሉ፣ ከኋላው የተሰለፉት ግን ድንጋይ ሲወርድ ሙሉውን ሳይጠብቁ እግሬ አውጪኝ ብለው ወጡ። ከዚያ ለቅሶው ላይ መጥተው ደረታቸውን ሲደቁ ዋሉ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! እናቴ ግን አላለቀሰችም፣ ሬሳውን ሳላይ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት አላለቅስም ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳታዘቀዝቅ ቀረች። እኔ እነዚያን ሰዎች ሰላም ብዬ አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳገኛቸው ፊቴን አዞራለሁ፣ እመነኝ፣ ገብሴን እንኳ ከነሱ ጋር አንድ አውድማ ላይ አልወቃሁም።

መንግሥት ሲለወጥ እኛ የባሕር ኃይል ጠላቂዎችም ተበትነን ነበርና አገሬ ገብቼ አራሽ ሆኜ ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ ለከተማው ውሃ የሚያወጣ ፕሮጀክት መጣና ዋሻውን ገብቶ የሚያይ ጠላቂ ሲፈለግ እኔ ነኝ አልኩ፣ ሐሳቤ ግን ሌላ ነበር፣ አንዲት አጥንት እንኳ ባገኝ ለእናቴ ላመጣላት ነው። አሠልጣኙ ዳዊት የሚባል ውጭ አገር የተማረ ወጣት ነው፣ ገና እንዳየኝ ‹‹ጋሽ ታደሰ፣ ሲሊንደሩን ጀርባዎ ላይ ካዘሉት ጣሪያው ይይዝዎታል›› ብሎ የአየር ሲሊንደሮቹን አንዱን በግራ ብብቴ፣ አንዱን በቀኝ አንጠለጠለልኝ።

ዋሻው ደጃፍ ባለው ኩሬ ውስጥ፣ አጥንት በሚሰብረው ብርድ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ስማር ሰነበትኩ። ማንጠልጠያው ከእጄ ያመልጣል፣ አንዱ ጎኔ ይከብድና እገለበጣለሁ፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ታደሰን እንደ አህያ ጫኑት እያሉ ይስቃሉ፣ እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። በየተራ ከግራም ከቀኝም መተንፈስ ለመድኩ። ዳዊት ደጋግሞ ያስጠናኝ ግን አንድ ነገር ነው፣ ቀዳዳው ካላሳለፈዎት አንዱን ሲሊንደር ፈትተው በፊትዎ ወደ ውስጥ ይገፉታል፣ ከዚያ ራስዎ ይከተሉታል።

የገባን ዕለት ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ዋሻው ውስጥ ግን ያው ድቅድቅ ነው። ዳዊት ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ገመዴን ይዞ ከኋላ ቀረ፣ እኔ በባትሪ እያየሁ ገፋሁ፣ የተናደው ድንጋይ ጋ ስደርስ ከሥሩ ሰው በጭንቅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አገኘሁ። መጀመሪያ ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ቅርጫት ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት፣ ጠጠር ነው ብዬ ተውኩት። አየሩን ግማሽ ያህል የጨረስኩትን የግራውን ሲሊንደር ፈታሁ፣ አፌን ወደ ቀኙ አዛወርኩ፣ ግራውን በቀዳዳው ወደ ውስጥ እጄ እስኪያልቅ ገፋሁት።

ኳ ኳ አለ፣ ብረቱ ላይ፣ ሁለቴ።

ዳዊት ነው ብዬ ዞርኩ፣ የዳዊት ባትሪ ከኋላዬ ሩቅ ይታያል፣ ገመዱን እንደያዘ ነው። ልብ በል፣ ውሃው የሚፈሰው ከውስጥ ወደ እኔ ነው፣ ሲሊንደሩ ግን ከእጄ ላይ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲቀበልህ እንደሚያደርገው ወደ ውስጥ ሄደ። ተክሌ ብዬ ልጣራ ፈለግሁ፣ አፌ በአየሩ ጎማ ተወትፏል። ከዚያ በኋላ እንዴት ወደ ኋላ እንደተመለስኩ አላውቅም፣ ራሴን ያገኘሁት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው።

ዳዊት ፈርተህ ጣልከው ብሎ አንተ ማለት ጀመረ፣ ልመታው ምንም አልቀረኝ። ለእናቴም ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ውሃ ቀጂዎቹ ሲሊንደሩን ዋሻው አፍ ላይ አገኙት፣ ጭቃ ተለውሶ፣ የአየር መዝጊያው ቫልቭ ጥርቅም ተደርጎ። ዳዊት ውሃው ገፍቶት ነው አለ፣ ከዚያ የአየሩን ልክ የሚያሳየውን ጌጅ አየው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጌጁን ነቅሎ ሌላ ገጠመ፣ ያው ነው፣ ግማሽ ሆኖ የገባው ሲሊንደር ሙሉ ነው። የሞላሁት እኔ አይደለሁም አለ፣ ዕቃውን ሸክፎ በዚያው ቀን ወረደ፣ ያን ሲሊንደር ግን ውሰድ ብዬ ብነግረው እምቢ አለኝ።

ያን ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ቁጣም የላትም፣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

‹‹ሙሉው ሲመለስ ማን ተቀበለው?›› አለችኝ።

ማንም አልነበረም አልኳት።

‹‹አንተም ቦታህን ለቀህ ወጣህ?››

ወጣሁ አልኳት።

‹‹እንግዲያ የሚቀጥለውን ባዶ እየጠበቀ ነዋ›› አለችና የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ፕሮጀክቱም ዋሻውን በሲሚንቶ ደፍኖ ቧንቧ ቀጠለበት፣ እናቴም ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ሞተች። ሲሊንደሩ ጎተራዬ ሥር እንደቆመ ነው፣ ከፍቼው አላውቅም፣ ውስጡ ያለው የማን ትንፋሽ እንደሆነ አላውቅማ። እነዚያን ሰዎች ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኛቸዋለሁ፣ ፊቴን ላዞር እልና ይተወኛል፣ እንግዲህ ማንን ልስደብ?